በዋይፋይ የተጠራ ደቦ

ይህን ገጠመኝ ስተርክ ሰው መሳቅ የሚጀምረው ገና መሃሉ ላይ ሳልደርስ ነው። ሳቁ፤ አልከፋም። እኔም ያኔ አልቅሼ ከወጣልኝ በኋላ ስቄበታለሁ። ብቻ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ፤ ዛሬ ሱሉልታ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ ይህን የምጽፍላችሁ በዚያ ቅዳሜና እሁድ በሆነው ነገር ምክንያት ነውና።

ስሜ ሂሩት ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ለብዙ ዓመታት በአንድ መካከለኛ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የሠራሁ ሴት ነኝ። ኪራይ ከከተማ ሲገፋን እኔና ባለቤቴ ግርማ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ላይ ቤት ሠራን። ሆቴል ውስጥ የሌላ ሰው እንግዳ ስቀበል በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የራሴን እንግዳ መቀበል እመኝ ስለነበር፣ ከግቢው ጥግ ሁለት ክፍል ጨመርኩ። ሱሉልታን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጎህ ሲቀድ ሜዳው በሯጮች ይሞላል፣ ከውጭ አገር ድረስ አየሩን ፈልገው የሚመጡም አሉ። አንዱ እንኳ እኔ ቤት ቢያርፍ ብዬ አልጋ አነጠፍኩ፣ ብርዱን ስለማውቀው ብርድ ልብስ ደራረብኩ፣ የክፍሎቹን ፎቶ አንስቼ በራሴ እጅ ድረ ገጽ ሠራሁና መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ፀጉሬን አስተካክዬ፣ የሆቴል ፈገግታዬን ለብሼ ብከፍት ቆጣሪ አንባቢ ነው።

ግርማ በበኩሉ ጠዋት ሚኒባስ ተሰልፎ፣ ማታ ሚኒባስ ተሰልፎ እንጦጦን ሲወጣና ሲወርድ ጉልበቱ አለቀ። በዚህ መሃል ሰበታ ያለ አንድ ፋብሪካ ከነመኖሪያ ቤቱ ሥራ ሰጠው። ሰበታ ለእኛ የከተማው ሌላው ጫፍ ነው፤ ከሱሉልታ እየተመላለሱ የሚሠሩበት አይደለም። ሥራው የሚጀምረው ከገና በኋላ ነበር።

«ሂሩትዬ» አለኝ እጄን ይዞ፣ «እስከ ገና አንድ እንግዳ ከመጣልሽ እኔ ሚኒባሱን እችለዋለሁ። ካልመጣ ግን ክፍሎቹን ለሣር ነጋዴ አከራይተን እንሂድ።»

ሰውዬው እውነቱን ነው። በአዲሶቹ አልጋዎቼ ቦታ የሣር እስር ተቆልሎ ታየኝ።

ያኔ ነው አባላት ጎብኚ የሚለዋወጡበትን ድረ ገጽ ያገኘሁት። አሠራሩን ላስረዳችሁ። አባል ስትሆኑ የሌላ አባል ገጽ ይከፈትላችኋል፤ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃላችሁ፤ ከላይ ከተደረደሩት ትንንሽ ሥዕሎች ተመሳሳዮቹን ስትነኩ ነጥብ ታገኛላችሁ። በነጥባችሁ ልክ ደግሞ የእናንተ ገጽ ለሌላው ይታያል። አልፎ አልፎ «ዛሬ ነጥብ እጥፍ ነው» ይባላል፤ አንዳንዴም የሆነ ገጽ ላይ ምልክት ይደበቅና ያገኘው ይሸለማል። እኔ ጎመን እየከተፍኩ እነካለሁ፣ ልብስ እያሰጣሁ እነካለሁ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን እዚያ ቤት ማንም የማንንም ገጽ አያይም። ሁሉም ሰከንዷ እስክታልቅ ሻዩን ይጠጣል። የኔንም ክፍሎች እንዲሁ ነበር የሚያልፏቸው።

በጥቅምት አንድ ትልቅ ውድድር ታወጀ። ቅዳሜና እሁድ ብዙ አዲስ አባል ያመጣና ቡድኑ ብዙ ገጽ ያየለት ሰው፣ ለአንድ ወር ሙሉ ማስታወቂያው ከሁሉም ቀድሞ ይታያል። ማንም አባል ሲገባ መጀመሪያ የእሱን ሳያይ አያልፍም። ይህን ካገኘሁ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንዱ መምጣቱ አይቀርም ብዬ አመንኩ። ችግሩ፣ ቡድኔ እኔና ግርማ ነን፤ ግርማ ደግሞ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ሥራ አለው።

ወተት የምገዛው ከጎረቤታችን ከኦቦ ቱሉ ነው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው እዚያው ሜዳ ላይ ገብስ ያረሱ፣ እሳቸውም እስከ ዛሬ የሚያርሱ አዛውንት ናቸው። በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት ዕቃዬን ሰጥቻቸው እስኪቀዱልኝ ቆሜ ስልኬን እነካለሁ።

«አከም ቡልቴ፣ ሂሩት?»

«ነጋ ዳ። አንቱስ እንዴት አደሩ፣ ኦቦ ቱሉ?»

«ደህና ነኝ። ይኼ ስልክ ምን አድርጎሽ ነው እንደ ቁንጫ የምትጨፈልቂው?»

ነገርኳቸው። እኔ የሰው አያለሁ፣ ሰው የኔን ያያል አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ።

«ይኼማ ወንፈል ነው! ዛሬ እኔ ያንቺን ማሳ አርማለሁ፣ ነገ አንቺ የኔን ታርሚያለሽ። ፈረንጆቹ አሁን ነው እንዴ የደረሱበት?»

«ውድድርም አለው እኮ። ብዙ ሰው ያመጣ ያሸንፋል። እኔ ግን ሰው የለኝም።»

ወተቱን መቅዳት አቆሙ። «ሰው የለኝም?» አሉ፣ በአገጫቸው ዙሪያውን ያሉትን ቤቶች እያሳዩ። «ይኼ ሁሉ ቤት ባዶ መሰለሽ? ደቦ ጥሪ እንጂ!»

«ደቦ ለአጨዳ አይደል?»

«ሥራ ለበዛበት ነው። ደግሞ ቅዳሜ ሚካኤል ነው፤ ማጭድ አይነሳም። ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው።»

«በበዓል ስልክ መነካካትስ ሥራ አይሆንም?»

ጥቂት አሰቡ። «ማየት ነው» ብለው ፈረዱ። «ማየት አልተከለከለም።»

ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ የምትሮጠው ልጃቸው ጫልቱ ከውስጥ ትሰማን ኖሮ ብቅ አለች። «አካውንት ለሁሉም እኔ እከፍታለሁ፤ አታስቢ ሂሩትዬ። ሙዱ ራሱ አሪፍ ነው የሚሆነው!»

የገጹን ሕግ አውቃለሁ፤ ለአንድ ሰው አንድ አካውንት ነው። ስለዚህ ሁሉም በየስሙ፣ በየስልኩ እንዲሆን አጥብቄ ነገርኳት። የሚነካ ስልክ የሌለው የልጁን ይዞ ይምጣ ተባለ። በሰፈራችን ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል፤ የኔ ዋይፋይ ግን ደህና ነው። እናም ደቦው የኔ ሳሎን ውስጥ እንዲሆን ተስማማን። ደቦ ሲባል ሰው አንድ ቦታ ነው የሚሰበሰበው፤ ሌላ ዓይነት ደቦ ማን ያውቃል? ስህተታችን እዚያ ላይ እንደነበር የገባን ኋላ ነው።

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎኔ ሞልቶ በረንዳው ላይ ተረፈ። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ ሰላም ከማለት በቀር ቤቴ ገብተው የማያውቁ ሰዎች ሶፋዬን፣ ምንጣፌን፣ የውኃ ጀሪካኔን ሳይቀር ተቀመጡበት። እኔም ስልኬን ይዤ ከመሃላቸው ልቀመጥ ስል ኦቦ ቱሉ ከእጄ ላይ ወሰዱት።

«ደቦ የጠራ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው ከሠራተኛ ጋር የሚያጭደው? ሂጂ ንፍሮሽን እይ!»

ጓዳ ገባሁ። ከሳሎን የሚመጣውን ድምፅ ግን እየሰማሁ ነው። አንዱ የአጨዳ ዘፈን አነሳ፤ ሥዕል በነኩ ቁጥር ሁሉም ይቀበለዋል። ጫልቱ እየዞረች የእንግሊዝኛውን ትተረጉማለች። ችግር የፈጠሩብን ጠላውን ጠምቀው ያመጡልን ጎረቤታችን እትዬ ዝናሽ ነበሩ። አንድ ገጽ ላይ ተተክለው አልሄድ አሉ።

«እትዬ ዝናሽ፣ ሰከንዷ እኮ አልቃለች። ሥዕሉን ይንኩና ይለፉ» አለቻቸው ጫልቱ።

«ቆይ እስቲ አንቺ! ሰውዬው ለፍቶ የሠራውን ሳላይለት ልለፈው?»

ሄጄ አየሁ። በእንጨት የግድግዳ ሰዓት እየሠራ የሚሸጥ፣ ፂሙ የነጣ ፈረንጅ ነው። እሳቸው ግን ሰዓቱን ትተው ከበስተኋላው ያለውን ጠረጴዛ በጣታቸው እየነኩ ነበር።

«አየሽ፣ ኩባያው አንድ ነው» አሉኝ። «ብቻውን ነው የሚኖረው ማለት ነው።»

እኔ ያንን ገጽ ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ። ኩባያ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። በዚያው ቅጽበት ማዶ ሶፋው ላይ ለድመት ሹራብ የምትሠራ ሴት ተገኘችና ሁሉም ተጠራርቶ ሊያይ ተነሳ። «ለድመት?» «አዎ፣ ለድመት!» ኦቦ ቱሉ በጣም አሳሰባቸው። «በበጋስ? በበጋ ያወልቁላታል ወይስ ትጋገራለች?» ብለው ጠየቁ። ሥራው ቆመ። በዚህ አያያዛችን የትም አንደርስም ብዬ ልቤ እየተቃጠለ ዳቦ ቆረስኩ።

ቢሆንም ብዙ ነበሩና ስሜ የውድድሩ ውጤት ሰሌዳ ላይ ሽቅብ ወጣ። ጫልቱ ወንበር ላይ ቆማ ታውጃለች። «አምስተኛ!» እልል። «ሦስተኛ!» እልል። «ሁለተኛ ነን!» ሲባል እኔም ጭልፋዬን እንደያዝኩ ሳሎን መሃል ዘለልኩ። እንግዳዬ በሩ ላይ የቆመ መሰለኝ።

ከዚያ ዘፈኑ በየተራ ጠፋ። መጀመሪያ ከበረንዳው፣ ቀጥሎ ከሶፋው። ሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ኔትወርክ ነው?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

ኔትወርክ አልነበረም። አንብቤው ክው አልኩ። ከአንድ ቤት፣ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ብዙ አካውንት መክፈት ማጭበርበር ነው ይላል። ሁላችንም ታግደናል። የኔም አካውንት ተዘግቷል፤ የክፍሎቼ ገጽም ወርዷል። ማሽኑ አንዲት ሴት ብዙ ስም አውጥታ ልታታልለኝ ነው ብሎ አስቧል።

አስረዳኋቸው።

«እኛን ነው?» አሉ ኦቦ ቱሉ ቀስ ብለው። «እኛ ሂሩት ያወጣችን ስም ነን? በሚካኤል ቀን ቁጭ ብለን አጭበርባሪ ተባልን?»

ጓዳ ገብቼ ንፍሮው ድስት ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለክፍሎቼ ብቻ አልነበረም። ንጹሕ ሰዎችን ጠርቼ አሰድቤ መላኬ አንገበገበኝ። ግርማ ከሥራ ገብቶ ቤቱን በዝምተኛ ሰዎች ተሞልቶ ሲያገኘው ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ። ሲሰማ ግን «ሰበታ እንሂድ ብዬ አልነበር?» አላለኝም። «ጻፊላቸው» ነው ያለኝ።

«ምን ብዬ?»

ከሳሎን ኦቦ ቱሉ መለሱ። «ሰው ነን በያቸው። ካላመናችሁ እዩን በያቸው።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ሰዎቹ ንፍሯቸውን ቀምሰው ተበተኑ።

ከመምሸቱ በፊት ከድረ ገጹ አስተዳዳሪ መልስ መጣ። ሕጉ ግልጽ ነው ይላል፤ ግን አንድ ነገር ግራ አጋብቶታል። የሚያታልል ሰው ሰከንዱ እንዳለቀ ወደሚቀጥለው ይዘላል። የእኛ ሰዎች ግን በየገጹ ላይ ከየትኛውም አባል በላይ ቆይተዋል። «ነገ በቪዲዮ ልደውል፤ ሰዎቹን አሳዪኝ» ብሎ ሰዓቱን ነገረኝ። ለጫልቱ ደውዬ እንድታዳርስልኝ ለመንኳት።

እሁድ ሰዓቱ ሲቃረብ የግቢዬን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ ቆምኩ። ቅዳሴ ወጥቷል፤ ሰው በመንገዱ ሲያልፍ አያለሁ፤ ወደኔ የሚታጠፍ ግን የለም። ጫልቱም ስልኳን አታነሳም። ግርማ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ።

«አትፍረጅባቸው» አለኝ። «ስድብ ድጋሚ ለመስማት ማን ይመጣል?»

ስልኩ ጠራ። አነሳሁት። ራሰ በራ፣ መነጽሩ ወፍራም የሆነ ሰው ብቅ አለና ሰላምታ ሰጥቶኝ «የታሉ?» አለ። ስልኩን ወደ ባዶው መንገድ አዞርኩት።

በዚያች ቅጽበት ጎረቤቶቼ ከኦቦ ቱሉ ግቢ በኩል ሰልፍ ሆነው ወጡ። ነጠላቸው በረዶ ይመስላል። ኦቦ ቱሉ ካፖርት ደርበው፣ ከዘራ ይዘው፣ ለሽምግልና እንደሚሄድ ሰው ከፊት ናቸው።

«ምነው ቆያችሁ?» አልኳቸው።

«በትናንቱ ልብስ ነው እንዴ ሰው ፊት የምንቀርበው?» ብለው ተቆጡኝ።

ግቢው ውስጥ ተደርድረው ቆሙ። ስልኩን እያዞርኩ አንድ በአንድ አሳየሁት፤ ሁሉም ስሙን ተናገረ። አስተዳዳሪው ሁሉንም ካየ በኋላ «መልካም፣ ሰዎች ናችሁ። ግን እውነት ገጾቹን ያያችሁት እናንተ ናችሁ? እስቲ አንዱ ያየውን ይንገረኝ» አለ። ተረጎምኩላቸው። ስንት ወር ስነካ የኖርኩት እኔ ብጠየቅ ከኩባያው በቀር የምለው አልነበረኝም።

እትዬ ዝናሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረብ አሉ። «ሰዓት የሚሠራው ሰውዬ ደህና ነው ወይ በይልኝ።»

«እትዬ ዝናሽ፣ እሱን አይደለም የጠየቀው...»

«ተርጉሚ እንጂ! ኩባያው አንድ ነው። ሚስት የለውም? ታሞ እንኳ ውኃ የሚሰጠው አለው? በይው።»

ተረጎምኩ። አስተዳዳሪው መነጽሩን አወለቀ። ወዲያው ኦቦ ቱሉ የድመቷን የበጋ ጉዳይ አነሱ፤ አንዷ ጎረቤቴ ገጹ ላይ ያየቻት ፒያኖ አስተማሪ ለምን እንደከሳች ጠየቀች፤ ሁሉም በአንዴ በአማርኛና በኦሮምኛ ያወራ ጀመር። አስተዳዳሪው እስኪያስለው ሳቀ።

«ይህን ገጽ ስመራ ብዙ ዓመቴ ነው» አለ በመጨረሻ። «አንዱ አባል ስለሌላው ደህንነት ሲጠይቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እገዳውን አሁኑኑ አነሳለሁ። ውድድሩን ግን ልሰጥሽ አልችልም። ከአንድ ቤት የመጣ ነጥብ አይቆጠርም፤ ሌሎቹን መበደል ይሆናል።»

ፊቴ ላይ ያለውን አይተው ኦቦ ቱሉ «ምን አለ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ልክ ነው» አሉ። «ሕጉን ሳንጠይቅ የገባነው እኛ ነን። ሰው መሆናችንን ካመነ ይበቃል።»

ለእሳቸው በቅቷል። ለኔ ግን የገና በዓል እየቀረበ ነው። አስተዳዳሪው የተነጋገርነውን ለአባላቱ ላሳይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ጠይቄ ፈቀድንለት። ማታ ሌላ ሰው አሸነፈ። ግርማ ሰበታ ስላለው ቤት መስኮት ስፋት ሲያስብ እንደነበር አውቃለሁ፤ መጋረጃዎቹን በስንዝር ሲለካ አይቼዋለሁ።

ኅዳር አለፈ። አጨዳው ደረሰና ኦቦ ቱሉ በር ላይ መጥተው «ነገ የኔ ገብስ ነው» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ማጭድ በሕይወቴ ይዤ አላውቅም፤ ያዝኩ። እትዬ ዝናሽ ያጨድኩትን አይተው «በቅሎ የጋጠው ነው የሚመስለው» ሲሉኝ ማሳው በሙሉ ሳቀብኝ። እጄ ውኃ ቋጥሮ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እረፍት ላይ ተቀምጬ ስልኬን ብከፍት መልእክት ገብቷል።

«ስለ ኩባያዬ የጠየቁት ሴት ስማቸው ማን ይባላል?» ይላል። «ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ጉልበቴ ለሩጫ አይሆንም፤ መራመድ ግን እወዳለሁ። ከክፍሎችሽ አንዱ ክፍት ነው?»

ማሳው መሃል ቆሜ ጮኼ አነበብኩት። እልልታው እስከ አስፋልቱ ሳይሰማ አልቀረም።

ከገና በፊት መጣ። እኔና ግርማ አስፋልቱ ዳር ቆመን የሚወርደውን ሰው ሁሉ ስንመረምር፣ ከማዶ ኦቦ ቱሉ ከዘራቸውን አንስተው ጮኹ። «የሰዓቱ ሰውዬ! ባጋ ነጋን ዱፍቴ! እንኳን ደህና መጣህ!» እኛ ገና ከታክሲው ሲወርድ አላየነውም። እሳቸው ግን ፊቱን ያውቁታል፤ በደንብ አይተውታላ። ሰውዬው ቋንቋው ባይገባውም ወደማን መሄድ እንዳለበት ገብቶታል። ሻንጣውን አስፋልት ላይ ትቶ ሄዶ አቀፋቸው። ግርማ ሻንጣውን አነሳና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ነገ ሰበታ ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ» አለኝ። እዚያው አለቀስኩ፤ በዚህኛው አላፈርኩም።

ከእሱ በኋላ ሌሎች መጥተዋል፤ ሯጮችም መጥተዋል። ክፍሎቼ ሁልጊዜ አይሞሉም፣ ባዶም ሆነው አይከርሙም። ጫልቱ እንግዶቹን ጠዋት ሜዳው ላይ ታሯሩጣለች፤ ወተቱ ከኦቦ ቱሉ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምን ተለወጠ ብትሉኝ እነግራችኋለሁ። እኔ ሰው እንዲያየኝ ስፈልግ እኔ ራሴ ማንንም አላይም ነበር። አሁንም ያ ገጽ ላይ አለሁ፤ ውድድርም ሲመጣ እሳተፋለሁ፣ ከአምስተኛ በላይ ወጥቼ ግን አላውቅም። ምክንያቱም እቆያለሁ። ሰዎቹ የሠሩትን አያለሁ፤ ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ደንግጠው ነው የሚመልሱልኝ። እናንተም ነገ ስልካችሁ ላይ የአንድ ሰው ልፋት ሲያልፍ ስታዩ ለአፍታ ቁሙለት። ምናልባት የሚጠብቀው እናንተን ነው።

ሰዓት ሠሪው ሊሄድ ሲል እትዬ ዝናሽ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡለት። «እንግዳ ቢመጣበትስ?» አሉ። ዛሬ ያንን ገጽ ብትከፍቱት ፎቶው ተቀይሯል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ አለ። እትዬ ዝናሽ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ይሉና ገጹን አስከፍተውኝ፣ ሁለቱንም ኩባያ በጣታቸው ነክተው፣ ለነጥብ የሚነካውን ሥዕል ሳይነኩ ይሄዳሉ።